ማን ተባበለ?

ስለ ህንድ አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰቦች የመንግሥት ድጋፍ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ማባበል» ነው። መንግሥት ሙስሊሙን፣ ክርስቲያኑንና ሲኩን በልዩ ስኮላርሺፕና በልዩ በጀት አባብሎ በምርጫ ቀን ድምፁን ይሰበስባል ይባላል። ይህን የሚሉት የገዢው ፓርቲ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ለመልስ ባልተነሳሁ፤ የፓርቲ ሰው የፓርቲውን ይናገራል። ነገር ግን ለማንም ክፉ የማይመኙ መምህራን፣ ራሳቸውን ለዘብተኛ የሚሉ ጸሐፊዎች፣ ለትምህርት ወደ ህንድ ሄደው የተመለሱ የእኛው ሰዎች ሳይቀሩ ይህንኑ ያለ ጥያቄ ይደግሙታል። እኔ ስህተት ነው እላለሁ፤ ያውም በድሃ ልጆች ላይ ጉዳት ያደረሰ ስህተት።

ክሱን በጠንካራ ጎኑ ላስቀምጠው። የህንድ ሕገ መንግሥት ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ መንግሥት በሃይማኖት ምክንያት በዜጎቹ መካከል እንዳያዳላም ይከለክላል። ታዲያ መንግሥት በምን ሥልጣኑ ነው አንዱን ተማሪ «ሙስሊም ነህና ውሰድ»፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ድሃ የሂንዱ ልጅ «አንተን አይመለከትህም» የሚለው? ረሃብ እምነት አይጠይቅም፤ ድጋፍም መመዘን ያለበት በኪስ እንጂ በጸሎት ቤት አይደለም። ደግሞስ ለሁሉም የተዘረጉት መርሐ ግብሮች የሙስሊሙን ደጅ መች ዘለሉ? በ2014 የተጀመረው የባንክ ሒሳብ ዘመቻ፣ በ2016 ለድሃ ሴቶች መታደል የጀመረው የማብሰያ ጋዝ፣ ለድሆች የሚሠራው ቤት ለሙስሊሙም ደርሷል። በዚህ ላይ ልዩ ድጋፍ ሲደረብ ሰው ራሱን እንደ ዜጋ ማየቱን ትቶ እንደ ሃይማኖት ጎራ አባል ማየት ይጀምራል፤ የሃይማኖት መሪው የድምፅ ደላላ ይሆናል፤ ጎረቤትም ይቀየማል። ከሳሾቹ የታሪክ ምስክር ይጠራሉ፤ የሻህ ባኖን ጉዳይና የሐጅ ድጎማን። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ይህ የሰነፍ ክርክር አይደለም፤ ቅን ሰዎችን ያሳመነውም ለዚህ ነው። ከታሪኩ እጀምራለሁ፤ ክሱ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያ ነውና።

ወይዘሮ ሻህ ባኖ የኢንዶር ከተማ ነዋሪ ነበሩ። ጠበቃ ባለቤታቸው ከአርባ ዓመት በላይ በትዳር ከኖሩ፣ አምስት ልጆችም ካፈሩ በኋላ በስተእርጅና ከቤት አስወጥተው ኋላም ፈቷቸው። ቀለብ ይቆረጥልኝ ብለው የጀመሩት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1985 ተፈረደላቸው። የሃይማኖት መሪዎች ፍርዱ በሸሪዓ ላይ እጁን አስገብቷል ብለው ተነሱ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲ መንግሥትም በ1986 አዲስ ሕግ አውጥቶ ፍርዱን ባዶ አደረገው። ይህ ማባበል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ግን ማን ተባበለ? የተባበሉት የሃይማኖት መሪዎች ናቸው። የተጎዱት ደግሞ አንዲት አዛውንት ሙስሊም እናትና እንደ እሳቸው የተፈቱ ሙስሊም ሴቶች ናቸው። በዚያ ሕግ ለሙስሊም ልጆች አንድ መማሪያ ክፍል አልተሠራም፤ አንድ መጽሐፍ አልተገዛም፤ አንድ ወጣት ሥራ አላገኘም። ታዲያ ፖለቲከኞችና የሃይማኖት መሪዎች ለተስማሙበት በደል ዛሬ ደብተር ያጣ ልጅ ለምን ይከፍላል?

የሐጅ ድጎማው ታሪክም ከዚህ አይርቅም። መንግሥት ወደ መካ የሚሄዱ ሐጃጆችን የአውሮፕላን ዋጋ በከፊል ይሸፍን ነበር። ይህ ገንዘብ በእውነቱ የሚደግፈው ሐጃጁን ሳይሆን የመንግሥቱን አየር መንገድ ኤር ኢንዲያን ነው ብለው አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ሙስሊም ፖለቲከኞች ይገኙበታል። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድጎማው በአስር ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲቀር አዘዘ፤ ሐጅ የተደነገገው አቅሙ ላለው መሆኑን ከቁርኣን ጠቅሶ፣ ገንዘቡ ለማኅበረሰቡ ትምህርትና እድገት ቢውል ይሻላል አለ። የጊዜ ገደቡ ሳይደርስ፣ በጃንዋሪ 2018፣ ድጎማው ጨርሶ ቀረ። የአናሳዎች ጉዳይ ሚኒስትሩ ሙክታር አባስ ናቅቪም ገንዘቡ ለአናሳዎች፣ በተለይም ለሴት ልጆች ትምህርት ይውላል ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ምን ሆነ? በኖቬምበር 2022 ለአናሳ ማኅበረሰብ ልጆች የሚሰጠው የቅድመ ማትሪክ ስኮላርሺፕ (በህንድ ማትሪክ የሚባለው የአስረኛ ክፍል ፈተና ነው) ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉት ተቋረጠ፤ የተረፈው ለዘጠነኛና ለአስረኛ ብቻ ነው። በቀጣዩ ወር በማውላና አዛድ ስም ለዶክትሬት ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው ፌሎሺፕ መቋረጡን ያኔ የአናሳዎች ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ስምሪቲ ኢራኒ ለፓርላማ አሳወቁ። ውጭ አገር ለሚማሩ ይከፈል የነበረው የብድር ወለድ ድጎማም በዚያው የበጀት ዓመት ቀረ። የሐጁ ገንዘብ ለትምህርት ይሁን ተባለ፤ ቀጥሎ የትምህርቱ ገንዘብ ተቆረጠ። ማባበልን ከልቡ የሚጠላ ሰው በየትኛው ነው ደስ የሚለው?

የተቋረጠውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው፤ ክሱን የሚደግሙት ሰዎች አብዛኞቹ አይተውት አያውቁምና። ስኮላርሺፑን ለማግኘት የወላጆች ዓመታዊ ገቢ ከ100,000 ሩፒ መብለጥ አልነበረበትም። ለመላው ቤተሰብ በቀን 275 ሩፒ አይሞላም ማለት ነው። ልጁ በፈተና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ነበረበት። ከድጋፉ 30 በመቶው ለሴት ልጆች የተጠበቀ ነበር። በታችኛው ክፍል ከቤቱ እየተመላለሰ ለሚማር ልጅ የሚታሰበው መደጎሚያ በወር 100 ሩፒ፣ በዓመት ለአስር ወር 1,000 ሩፒ ነበር። በ1,000 ሩፒ ማን ይባበላል? ደብተርና ጫማ ይገዛል፤ ከዚያ አያልፍም። ለድሃ ቤተሰብ ግን ይህች ገንዘብ ልጅን ከትምህርት ቤት በማስቀረትና ባለማስቀረት መካከል የምትቆምበት ቤት አለ።

መንግሥት የሰጠው ምክንያት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለው ትምህርት በ2009 በወጣው ሕግ ነጻና ግዴታ ስለሆነ ስኮላርሺፑ አያስፈልግም የሚል ነው። የትምህርት ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት ነው እንዴ? የሞራዳባድን የናስ ሠራተኞች፣ በፊሮዛባድ የብርጭቆ አምባር የሚሠሩትን፣ በቫራናሲ ሐር የሚሸምኑትን ሙስሊም ቤተሰቦች ጠይቁ። በእነዚህ ሙያዎች ልጅ እጁ መያዝ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ ሥራ አለው፤ ትምህርት ቤት የተላከ ልጅ ለቤቱ የቀረ ገቢ ነው። አዋጁ የትምህርት ቤቱን ክፍያ አስቀረ፤ የልጁን የጉልበት ዋጋ አላስቀረም። ልጆች ከትምህርት መቅረት የሚጀምሩት ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል በፊት ነው። ቀድሞ የወጣን ልጅ የዘጠነኛ ክፍል ስኮላርሺፕ ከየት ያገኘዋል?

ስለ ገንዘቡ መጠን የሚወራውም እንዲሁ ነው። «የግብር ከፋዩ ሀብት ለአናሳዎች ፈሰሰ» ሲባል የሰማ ሰው የአገሪቱ በጀት የተራቆተ ይመስለዋል። የአናሳዎች ጉዳይ ሚኒስቴር በ2022/23 የተመደበለት ወደ 50 ቢሊዮን ሩፒ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 31 ቢሊዮን ወረደ። በዚያ ዓመት የማዕከላዊው መንግሥት ጠቅላላ በጀት 45 ትሪሊዮን ሩፒ ነበር። ከእያንዳንዱ 1,000 ሩፒ ውስጥ አንድ ሩፒ እንኳ አልሞላም ማለት ነው። ሚኒስቴሩ የሚያገለግለው ደግሞ ሙስሊሙን ብቻ አይደለም፤ ሙስሊም፣ ክርስቲያን፣ ሲክ፣ ቡድሂስት፣ ፓርሲና ጃይን በአንድነት ከሕዝቡ አምስተኛውን እጅ ያህል ናቸው። በ2024ቱ የምርጫ ዘመቻ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ በ2006 ያደረጉት ንግግር እንደገና ተቆፍሮ ወጥቶ «የአገሩን ሀብት መጀመሪያ ለሙስሊም ነው ያሉት» ተብሎ በየአደባባዩ ተነገረ። በንግግሩ ውስጥ ደሊቶች («የማይነኩ» ሲባሉ የኖሩት)፣ የጎሳ ማኅበረሰቦች፣ ኋላ የቀሩ ካስቶች (ካስት በትውልድ የሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ ክፍፍል ነው)፣ ሴቶችና ሕፃናት ከአናሳዎች ጋር ተዘርዝረዋል፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትም ያኔውኑ ማብራሪያ ሰጥቶበታል። ዝርዝሩ ተቆርጦ አንዱ ብቻ ተወሰደ። ቀዳሚ ድርሻ የተባለው ነገር በበጀቱ ላይ ይኸው ከሺህ አንድ የማይሞላው ነው።

«ድሃው የሂንዱ ልጅስ?» የሚለው ጥያቄ ልብ ይነካል፤ መልስም ይገባዋል። መልሱ የሂንዱው ልጅ ባዶ እጁን አልቀረም የሚል ነው፤ ባዶ እጁን መቅረትም የለበትም። ለደሊት ልጆች የራሳቸው የቅድመና የድኅረ ማትሪክ ስኮላርሺፕ አላቸው። ለጎሳ ማኅበረሰብ ልጆችም አለ። ኋላ ለቀሩ ካስቶች አለ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከእነዚህ ምድቦች ውጭ ላሉ ድሆች፣ ማለትም በአብዛኛው ከላይኞቹ ካስቶች ለመጡት፣ በመንግሥት ሥራና በከፍተኛ ትምህርት 10 በመቶ ቦታ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተጠብቆላቸዋል። ህንድ ከተመሠረተችበት ጊዜ ጀምሮ ድህነትን በቡድን እየለየች ነው የምትታገለው፤ ምክንያቱም ሰውን በዚያ አገር ያደኸየው በቡድን የተጫነ ቀንበር ነው። ይህ አሠራር ለሌላው ሁሉ ሲሠራ ፍትሕ፣ ለሙስሊሙ ሲሆን ማባበል የሚባልበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ሙስሊሙ እንደ ማኅበረሰብ ወደ ኋላ ቀርቷል ወይስ ድሃ ሙስሊሞች አሉ ማለት ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ በግምት የሚመለስበት ዘመን በ2006 አብቅቷል። በማንሞሃን ሲንግ መንግሥት የተሰየመው፣ የቀድሞው የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ራጂንደር ሳቻር የመሩት ኮሚቴ በዚያ ዓመት ሪፖርቱን አቀረበ። ከ6 እስከ 14 ዓመት ካሉ ሙስሊም ልጆች ከአራቱ አንዱ ወይ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም ወይ አቋርጧል። ሙስሊሙ በ2001 ቆጠራ ከሕዝቡ 13.4 በመቶ ሆኖ ሳለ በከፍተኛው የአስተዳደር አገልግሎት 3 በመቶ፣ በውጭ ጉዳይ አገልግሎት 1.8 በመቶ፣ በፖሊስ መኮንንነት 4 በመቶ ነበር። በምድር ባቡር ከነበሩት ሙስሊም ሠራተኞች 98.7 በመቶው በታችኛው እርከን የተቀመጡ ናቸው። «ሙስሊሞች ልጆቻቸውን ማድረሳ እንጂ ትምህርት ቤት መላክ አይፈልጉም» ይባል ለነበረውም ኮሚቴው መልስ አገኘ፤ ትምህርት ላይ ካሉት ሙስሊም ልጆች ማድረሳ የሚማሩት 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ስድሳ ዓመት ሲባበል ኖረ የተባለው ሕዝብ የተገኘው እዚህ ነው። የመባበሉ ፍሬ የት ገባ?

ሪፖርቱ ከቁጥሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ስለ አሠራሩ በገለጠው ነው። ሙስሊም በብዛት ከሚኖርባቸው ትንንሽ መንደሮች ሲሶ ያህሉ አንድም ትምህርት ቤት የላቸውም ይላል። ትልልቅ ከሆኑት 40 በመቶው ምንም የጤና ተቋም የላቸውም። አንዳንድ ባንኮች ሙስሊም የሚበዛባቸውን ሰፈሮች ብድር የማይሰጥባቸው ቀጠናዎች ብለው ከልለዋቸዋል። «ለሁሉም የሆነው ለሙስሊሙም ይደርሳል» የሚለው ክርክር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የጋዝ ሲሊንደር በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ የባንክ ሒሳብ በዘመቻ ይከፈታል፤ ስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር መርሐ ግብር በእርግጥ ይደርሳል፤ መድረሱንም አልክድም። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ብድር ግን ሰፈሩ ውስጥ የቆመ ተቋም ይጠይቃሉ። ተቋሙ ሰፈሩን ዘሎ ከሄደ ለሁሉም የተባለው ነገር ለዚያ ሰፈር የለም። ሒሳቡ ተከፍቶ ብድሩ ሲከለከል የባንክ ደብተሩ ምን ይረባል?

እዚህ ላይ ለልዩ ድጋፉ የሚሟገቱትንም መውቀስ ይኖርብኛል። ከ2008 ጀምሮ አናሳዎች በብዛት በሚኖሩባቸው 90 ዲስትሪክቶች መሠረተ ልማት ለመገንባት መርሐ ግብር ተጀመረ። በጀቱ የተመደበው ለዲስትሪክቱ ነበር፤ መንገዱ፣ ሙያ ማሠልጠኛው፣ ሆስቴሉ ግን ብዙ ጊዜ ሙስሊሙ ከሚኖርበት ርቆ ተሠራ። በወረቀት «ለአናሳዎች የዋለ» ተብሎ ተመዘገበ። ለሙስሊሙ ነዋሪ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ፤ ለጎረቤቱ ግን የማባበል ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረበት። የሰጡ የሚመስሉ መንግሥታት ካልሰጡት በላይ የጎዱት በዚህ ነው፤ ጥቅሙ ሳይደርስ ቅሬታው ደረሰ። ያኔ ገዢ የነበረው ኮንግረስ ፓርቲ ይህን ወቀሳ መሸሽ አይችልም።

«መንግሥት ዜጋን በሃይማኖት መለየት የለበትም» ወደሚለው ዋና ምሰሶ እንምጣ። መርሁን እቀበላለሁ። የምጠይቀው የህንድ መንግሥት መች አክብሮት ያውቃል ብዬ ነው።

በ1950 የወጣ አንድ ድንጋጌ አለ፤ በካስት ሥርዓት ከሁሉ በታች ተደርገው «የማይነኩ» ሲባሉ የኖሩትን ማኅበረሰቦች፣ ማለትም ደሊቶችን፣ ይዘረዝራል። በዝርዝሩ የገባ ሰው በሥራ፣ በትምህርትና በምክር ቤት መቀመጫ የተጠበቀ ቦታ አለው፤ ከጥቃት የሚጠብቀው ልዩ ሕግም አለ። የድንጋጌው ሦስተኛ አንቀጽ ግን የሂንዱ እምነት ተከታይ ያልሆነ ሰው በዝርዝሩ አይገባም ይላል። በ1956 ሲኮች ተጨመሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ዶክተር አምቤድካር በናግፑር ከብዙ መቶ ሺህ ደሊቶች ጋር ወደ ቡድሂዝም ተሻገሩ፤ እሳቸውን የተከተሉት ሰዎች በማዕከላዊው መንግሥት ዘንድ ይህን መብት መልሰው ለማግኘት እስከ 1990 መጠበቅ ነበረባቸው። ክርስቲያንና ሙስሊም የሆኑ ደሊቶች ዛሬም ውጭ ናቸው።

ይህ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። አያቱ የሰው መጸዳጃ ሲያጸዳ የኖረ፣ አባቱም ያንኑ የሠራ፣ እሱም ዛሬ የሚሠራ ሰው ሂንዱ ከሆነ ደሊት ነው፤ ሙስሊም ከሆነ ሕጉ ደሊት አይለውም። በሰሜን ህንድ ሃላልኮር የሚባሉት ሙስሊሞች በትውልድ የተጫነባቸው ሥራ ይኸው ነው። በታሚል ናዱ ደሊት ክርስቲያኖች በመቃብር ቦታ ሳይቀር በግንብ ተለይተው የሚቀበሩበት አለ። ሰው እምነቱን ቢለውጥ መንደሩ ካስቱን አልለወጠለትም። መንግሥት ግን እምነቱን አይቶ መብቱን ነሳው። በራንጋናት ሚሽራ የሚመራው ብሔራዊ ኮሚሽን በ2007 ይህ አንቀጽ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቅርቧል። ከ2004 ጀምሮ ጉዳዩ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተይዟል።

አሁን የ2022ን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። በጁላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ፓርቲያቸው ፓስማንዳ ወደሚባሉት ዝቅተኛ ካስት ሙስሊሞች እንዲቀርብ ማሳሰባቸው ተዘገበ። በኖቬምበር መንግሥታቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት በጻፈው መልስ ደሊት ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በዝርዝሩ መግባት የለባቸውም ሲል ተከራከረ። በዚያው ወር የድሃ ልጆቻቸው ስኮላርሺፕ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተቆረጠ። በዲሴምበር የዶክትሬት ፌሎሺፑ ቀረ። ለደሊቱ «ሃይማኖትህ ይከለክልሃል» ተባለ፤ ለተማሪው «በሃይማኖት አንሰጥም» ተባለ። መከልከል ሲሆን ሃይማኖት ይታያል፤ መርዳት ሲሆን ሃይማኖት አይታይም። ለእኩልነት መርህ የቆመ ሰው ትግሉን ከ1950ው ድንጋጌ ሦስተኛ አንቀጽ ይጀምር። ያንን አንቀጽ በዝምታ አልፎ የ1,000 ሩፒ ስኮላርሺፕ ላይ የሚጮህ ሰው ለየትኛው መርህ እንደቆመ ራሱን ይጠይቅ።

የፌሎሺፑ መቋረጥ የተነገረው ፌሎሺፑ ከሌሎች መርሐ ግብሮች ጋር ይደራረባል በሚል ምክንያት ነው። ከ2014/15 እስከ 2021/22 ባሉት ዓመታት 6,722 ተማሪዎች ተመርጠውበታል። በቢሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ መካከል ይህ እፍኝ የማይሞላ ሰው ነው። አንድ ተማሪ ሁለት ፌሎሺፕ እንዳይወስድ መከልከል ቀላል ሥራ ነው፤ መደራረብ የሚስተካከለውም እንደዚያ ነው። ፌሎሺፑን ማጥፋት ግን በቤተሰቧ የመጀመሪያዋ ዲግሪ ያላትን ተማሪ ዶክትሬቷን እንድትተው ማድረግ ነው።

ማጭበርበሩስ? አለ፤ ትልቅም ነው። በ2023 ሚኒስቴሩ በመረመራቸው 1,572 ተቋማት ውስጥ 830ዎቹ የሐሰት ሆነው ተገኙ፤ በአምስት ዓመት ከ1.4 ቢሊዮን ሩፒ በላይ መጥፋቱ ተገልጾ ጉዳዩ ለማዕከላዊው የምርመራ ቢሮ ተመራ። በሌሉ ትምህርት ቤቶችና በሌሉ ተማሪዎች ስም ገንዘብ ወጣ። የተዘረፈው ማን ነው? ገንዘቡ የተመደበለት ልጅ ነው። ሌባውን ማሰር፣ ያጸደቀውን የመንግሥት ሹም መጠየቅ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ሲቻል የልጁን ስኮላርሺፕ መቁረጥ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው። በእህል እደላ ስርቆት ሲገኝ ለድሃ እህል ይቅር ያለ የህንድ መንግሥት የለም።

«የሃይማኖት መሪውን ደላላ ያደርገዋል» የሚለው ስጋት ደግሞ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ካለማወቅ የመጣ ነው። ተማሪው በብሔራዊው የስኮላርሺፕ ድረ ገጽ ይመዘገባል፤ ተቋሙ ያረጋግጣል፤ ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ ሒሳቡ ይገባል። ኢማሙም ቄሱም በመሃል የለም። እንዲያውም የሃይማኖት መሪን ጉልበት የሚሰጠው ተቃራኒው ነው፤ መንግሥት ትምህርት ቤት ያልሠራበት፣ ባንክ ብድር የነፈገበት ሰፈር የሚጠለለው በጸሎት ቤቱ ዙሪያ ነው። ወላጅ ልጁን ማድረሳ የሚልከው ብዙ ጊዜ ሌላ በር ተዘግቶበት ነው። ሰው ራሱን እንደ ዜጋ እንዲያይ የሚፈልግ መንግሥት እንደ ዜጋ ይድረስለት።

ከክሶቹ ሁሉ የሚከብደኝ ከኬረላ የመጣው ነው። በዚያ ግዛት የሳቻርን ሪፖርት ተከትሎ ለሙስሊም ተማሪዎች የተጀመረው ስኮላርሺፕ ኋላ ላይ 20 በመቶው ለላቲን ካቶሊኮችና ከደሊትነት ወደ ክርስትና ለተሻገሩ ተሰጠ፤ 80 በመቶው ለሙስሊሙ ቀረ። ሌሎች ክርስቲያኖች ይህ አድልዎ ነው ብለው ተከራከሩ፤ በሜይ 2021 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክፍፍሉን ሻረው፤ የግዛቱ መንግሥትም በሕዝብ ብዛት እንዲከፋፈል ወሰነ። ሁለት አናሳዎች በአንድ ማዕድ ተጣሉ። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ መልሱ ግን በሕዝብ ብዛት ማካፈል አልነበረም። በ2001 ቆጠራ በመላው ህንድ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከጃይኖች 94 በመቶ፣ ከክርስቲያኖች 80 በመቶ፣ ከሙስሊሞች 59 በመቶ ነበር። በራስ ቁጥር የሚካፈል ድጋፍ ለሃይማኖቶች የሚሰጥ ስጦታ ይሆናል፤ የከሳሾቹን ክስ እውነት የሚያደርገው ያ ነው። ልክ መሆን ያለበት የጉድለቱ ጥልቀት ነው። የተሻለ የተማረው ማኅበረሰብ ያነሰ፣ የባሰበት የበዛ ያግኝ፤ ሙስሊሙም አንድ ቀን ሲደርስ ድርሻው ይቀንስ፣ ከዚያም ይቅር።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለው ስኮላርሺፕ ይመለስ፤ ዛሬ በሚገዛው ዋጋ ታስቦ ይጨመርበት። የዶክትሬት ፌሎሺፑ ይመለስ። የመሠረተ ልማት በጀት ለዲስትሪክት ሳይሆን ለመንደርና ለሰፈር ይመደብ፤ የት እንደተሠራ በካርታ ይታይ። የ1950ው ድንጋጌ ሦስተኛ አንቀጽ ይሰረዝ። የሃይማኖት መሪዎችን ለማስደሰት የሴቶችን መብት የሚነካ ሕግ ከእንግዲህ ማንም መንግሥት አያውጣ፤ ያን ቀን ከከሳሾቹ ጎን እቆማለሁ። ለልጅ የሚሰጥን ደብተር ግን ማባበል ብሎ መጥራት ውሸት ነው፤ ያን ውሸት ለፍትሕ የቆሙ ሰዎች ሲደግሙት መስማት ያስቆጣኛል።

በ2021 መካሄድ የነበረበት የሕዝብ ቆጠራ ሳይካሄድ ቆይቶ፣ መንግሥት በ2025 ቀጣዩ ቆጠራ ካስትንም እንደሚመዘግብና የቆጠራው ቀን በ2027 እንደሚሆን አስታውቋል። ቆጣሪው በእያንዳንዱ ቤት ገብቶ ሃይማኖቱን ይጽፋል፤ ካስቱን ይጽፋል፤ ልጆቹ መማር አለመማራቸውን ይጽፋል። ሦስቱ መረጃዎች በአንድ ቅጽ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ «ሃይማኖት አናይም» ማለት ለማንም አይቻልም፤ መንግሥት አይቷል፤ ቆጥሯል፤ በራሱ ማኅተም አትሞታል። ቁጥሩን ይዞ ለሃላልኮሩ ልጅ ምን እንደሚያደርግለት በፓርላማ ቆሞ ይናገር።